ከእህሉ ጋር ጆሮም ያስፈልጋል፤ የአንድ የአእምሮ ሐኪም ሙያና አሠራር

(በእርዳታና በሰፈራ ሥራ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ድርቅ በደረሰበት አካባቢም ሆነ ተፈናቃዮች በሚሰፍሩበት ጣቢያ የእርዳታ ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው መዝገብ ነው። በመዝገቡም የቤተሰቡ ቁጥር፣ የሚታደለው እህልና ዘይት፣ የብርድ ልብሱ፣ የድንኳኑ፣ የእርሻ መሣሪያውና የዘሩ ልክ በየረድፉ ይሰፍራል። ይህ አሠራር አስፈላጊ ነው። ያለ ቁጥር እህል በወቅቱ አይደርስም፤ ያለ መዝገብም ተጠያቂነት የለም። ነገር ግን በየጣቢያው መሬት ተለክቶለት፣ በሬና ዘር ተሰጥቶት ሞፈር የማያነሣ አባወራ ይገኛል። ልጇ ታሞ፣ ክሊኒኩም ከድንኳኗ ብዙ ሳይርቅ፣ ተነሥታ መሄድ የተሳናት እናት ትገኛለች። ለእነዚህ ሰዎች መዝገቡ ረድፍ የለውም። ብዙውን ጊዜም «ሰነፍ»፣ «ተረጂነት የለመደበት» የሚል ስም ይሰጣቸዋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ስም፣ ከስሙም ጋር የሚደረግላቸው ነገር መኖሩን ማመልከት ነው። ጉዳዩን በጥቅሉ ከማተት ይልቅ የአንድ ሐኪምን ሥራ ከመነሻው እስከ ውጤቱ መመልከት ይሻላል። ሐኪሙ የዚምባብዌው ተወላጅ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ናቸው። ሙያቸው የአእምሮ ሕክምና ሲሆን፣ በዓለም ዘንድ የታወቁት ግን በመድኃኒት ሳይሆን በንግግር የሚሰጠውን ሕክምና፣ ማለትም ሳይኮቴራፒን፣ ከሆስፒታል አውጥተው ሕዝብ ወደሚኖርበት መንደር በማድረሳቸው ነው።

ለሥራቸው መነሻ የሆኑት ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ የደረሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 የዚምባብዌ መንግሥት በከተሞች ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶችንና ሱቆችን የማፍረስ ዘመቻ ጀመረ። ዘመቻው በአገሬው ቋንቋ «ሙራምባትስቪና» ይባል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ መልእክተኛ የነበሩት ታንዛኒያዊቷ ወይዘሮ አና ቲባይጁካ በዚያው ዓመት ባቀረቡት ሪፖርት መሠረት፣ 700,000 ያህል ሰዎች መኖሪያቸውን ወይም መተዳደሪያቸውን፣ ወይም ሁለቱንም አጥተዋል። በአንድ ሌሊት ቤት አልባ የሆነ፣ ንግዱ የፈረሰበት፣ ቤተሰቡ የተበተነበት ሕዝብ በየመንደሩ ቀረ። በዚያን ጊዜ በመላው አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ዶክተር ቺባንዳ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ።

በዚሁ በ2005 ዓመት ከዋና ከተማይቱ ርቃ የምትኖር አንዲት ወጣት፣ ቀደም ሲል የእርሳቸው ታካሚ የነበረች፣ ሕመሟ ስለ ተነሣባት ወደ እርሳቸው መምጣት ነበረባት። ሐኪሙ ቢጠብቋትም አልመጣችም። ጥቂት ቆይቶ እናቷ ደውለው ልጃቸው በገዛ እጇ ሕይወቷን ማጥፋቷን አረዷቸው። ሐኪሙም «ስለምን አላመጧትም?» ብለው ጠየቁ። የእናቲቱ መልስ አጭር ነበር፤ ለአውቶቡስ የሚከፈል 15 ዶላር አልነበረንም የሚል ነው።

ዶክተር ቺባንዳ ይህን ታሪክ በየአደባባዩ ደጋግመው ተናግረውታል። ለሟቿ የሚሆን እውቀት ነበረ፤ ሐኪምም ነበረ፤ መድኃኒቱም ነበረ። በመካከል የጎደለው መንገድ ነው። ስለሆነም ሐኪሙ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ እንደማይገባ፣ ይልቁንም ሕክምናው ሕመምተኛው ወዳለበት መሄድ እንዳለበት ወሰኑ።

ይህን አሳብ ይዘው በ2006 ሐራሬ ውስጥ ወደሚገኘው ምባሬ ወደተባለው ጥንታዊና እጅግ የተጨናነቀ የድኻ መንደር ሄዱ። የጠየቁት ክፍልና ነርስ ነበር። የተሰጣቸው መልስ ግን ነርሶቹ የኤች አይ ቪን፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ሥራ እንኳ መጨረስ ስላልቻሉ ሊለቀቁ እንደማይችሉ፣ በክሊኒኩም ትርፍ ክፍል እንደሌለ የሚገልጽ ነበር። ሊሰጧቸው የቻሉት 14 አረጋውያን ሴቶችንና ከክሊኒኩ ደጅ ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ሴቶቹ አስቀድሞ በጤና ጥበቃ በኩል በየሰፈሩ እየዞሩ ስለ ንጽሕናና ስለ ክትባት የሚያስተምሩ፣ በመንደሩ የታወቁና የተከበሩ አያቶች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የከፍተኛ ትምህርት ያለው አልነበረም።

እዚህ ላይ የሐኪሙን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በሙያው የሠለጠነ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠው ፋይሉን ዘግቶ ቢመለስ የሚፈርድበት አይኖርም። እርሳቸው ግን የተሰጣቸውን ተቀበሉ። ክፍል ስለሌለ ከዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ወንበር አኖሩ፤ ነርስ ስለሌለም አያቶቹን ለማስተማር ተነሡ። ማስተማር ሲጀምሩ ግን ራሳቸው ተማሪ መሆናቸውን ተረዱ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ስም ነበር። ሐኪሙ ቦታውን «የአእምሮ ጤና ወንበር» ብለው ሰይመውት ነበር። አያቶቹ ግን በዚህ ስም በተጠራ ወንበር ላይ በአደባባይ የሚቀመጥ ሰው እንደማይገኝ ነገሯቸው፤ ማንም ጎረቤቱ እያየው «አእምሮው የታመመ» መባልን አይፈልግምና። በመሆኑም ስሙ ተለውጦ በሾና ቋንቋ «ቺጋሮ ቼኩፓናማዛኖ» ተባለ፤ ትርጉሙም አሳብ የሚለዋወጡበት ወንበር ማለት ነው። በዓለም ዘንድ የታወቀው የጓደኝነት ወንበር በሚለው ስሙ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቃል ነበር። ሐኪሙ በትምህርት ቤት የተማሯቸውን የሕመም ስሞች ለአያቶቹ ለማስተማር ቢሞክሩም ቃላቱ በመንደሩ ሰው ልብ አልገቡም። ሕዝቡ የራሱ ቃል ነበረው፤ «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ከመጠን በላይ ማሰብ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ቃል አስተርጓሚ አያሻውም። «ሐሳብ በላኝ»፣ «በሐሳብ ተብሰለሰልኩ»፣ «ልቤ ተሰበረ»፣ «ሆድ ባሰኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ገበሬው ለጤና ረዳት «ድብርት ይዞኛል» አይልም፤ «እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ እህል አልበላ አለኝ» ይላል። በዚህ ቋንቋ የተነገረውን ሕመም በዚያው ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው ካላገኘ፣ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ይመለሳል።

የአሠራሩን ዝርዝር መመልከት ለእርዳታ ሠራተኛ ይጠቅማል። ወደ ክሊኒኩ የሚመጣ ሰው በቅድሚያ «አዎን» ወይም «የለም» ተብሎ የሚመለስ 14 ጥያቄ ይጠየቃል። ጥያቄዎቹን እ.ኤ.አ. በ1997 ቪክራም ፓቴል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በዚያው በዚምባብዌ በሕዝቡ አነጋገር ያዘጋጇቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ብዙ ታስብ ነበርን? እንቅልፍህስ? በጥቃቅኑ ነገር ትቈጣ ነበርን? አልቅሰህ ታውቃለህን? ሥራህ ወደ ኋላ ቀርቷልን? ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህን? እነዚህንና የመሳሰሉትን ይጠይቃሉ። የሐሳብ ሸክሙ ከብዶበት የተገኘው ሰው ከደጅ ባለው ወንበር ላይ ከአንዲት አያት ጋር እንዲቀመጥ ይጋበዛል። በመካከላቸው ጠረጴዛ የለም፤ ነጭ ጋውን የለም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ቆይታ 45 ደቂቃ ያህል ሲሆን ቆይታዎቹም እስከ 6 ጊዜ ይደርሳሉ።

ቆይታው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው «ኩቩራ ፕፉንግዋ» ይባላል፤ አእምሮን መክፈት ማለት ነው። ሁለተኛው «ኩሲሙዲዚራ» ሲሆን ማንሣት፣ ከወደቁበት ቀና ማድረግ ነው። ሦስተኛው «ኩሲምቢሳ» ይባላል፤ ማጽናት ማለት ነው። ከእነዚህ የአገር ቃላት በስተጀርባ ያለው ሙያ ችግርን በመፍታት የሚሰጥ ሕክምና የሚባለው ነው። የዚህ ሕክምና መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1971 ዲዙሪላና ጎልድፍሪድ በተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ጽሑፍ ነው። ፍሬ ነገሩም፦ የተጨነቀ ሰው ችግሮቹ ሁሉ እንደ ተበተበ ልቃቂት አንድ ላይ ስለሚታዩት እጁን ከየት እንደሚያስገባ አያውቅም፤ ስለዚህ ችግሮቹን አንድ በአንድ ለይቶ እንዲቈጥር፣ ከመካከላቸው አንዱን እንዲመርጥ፣ ለተመረጠው መፍትሔ የሚሆኑትን ሁሉ እንዲዘረዝር፣ ከዝርዝሩም የሚቻለውን መርጦ እንዲሞክር፣ ያልሠራውንም ተመልሶ እንዲያርም ማገዝ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ያለባት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት የተባረረባት አንዲት እናት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች እንበል። ሦስቱ ችግሮች በልቧ ውስጥ አንድ ሆነው «አለቀልኝ» የሚል ድምፅ ብቻ ያሰማሉ። አያቲቱ አስቀድማ ታዳምጣለች፤ እናቲቱ ብታለቅስ ታስለቅሳታለች እንጂ «አይዞሽ፣ ተይው» ብላ አታቋርጣትም። ቀጥላም «ከእነዚህ ከሦስቱ ዛሬ ቢቀልልሽ የምትወጂው የትኛው ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እናቲቱ የልጁን ትምህርት ብትመርጥ፣ ንግግሩ ሁሉ ወደዚያው ይዞራል። ከትምህርት ቤቱ ሹም ጋር ማን ሊነጋገር ይችላል? መቼ? ምን ተብሎ? እናቲቱ ከወንበሩ ስትነሣ በእጇ የያዘችው ምክር ሳይሆን ማክሰኞ ጧት የምትሠራው አንድ ሥራ ነው። በሚቀጥለውም ሳምንት ስትመጣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

እዚህ ላይ ለሽማግሌና ለአያት እጅግ የሚከብድ አንድ ሕግ አለ። ይኸውም መፍትሔው ከባለ ችግሩ አፍ እንዲወጣ መጠበቅ ነው። አዛውንት መምከር ልማዳቸው ነው፤ የእርዳታ ሠራተኛም ማዘዝ ልማዱ ነው። ቤቱን፣ ሥራውንና ጎረቤቱን ያጣ ሰው ግን ከንብረቱ ጋር ያጣው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በገዛ ሕይወቱ ላይ የመወሰን ሥልጣኑ ነው። ሌሎች ወስነው ቤቱን አፈረሱት፤ ሌሎች ወስነው መጠለያ ሰጡት። በወንበሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ራሱ ሲወስን ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የግል ቆይታው ሲፈጸም ሰውየው ብቻውን አይለቀቅም። «በአንድነት እጅ ለእጅ መያያዝ» የሚል ትርጉም ባለው ስም የሚጠራ የመረዳጃ ክብ አለ። በወንበሩ ያለፉ ሰዎች በዚያ ይሰበሰባሉ፤ ከአሮጌ ፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ ይጨዋወታሉ፤ ቦርሳውም ይሸጣል። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። የሐሳብ ሸክምና የኪስ ባዶነት በአንድ ቤት የሚያድሩ በመሆናቸው ሁለቱንም በአንድነት መንካት አስፈልጓል።

ይህ ሁሉ በጎ አሳብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሐኪሙ ሥራቸውን ለፈተና አቅርበዋል። በሐራሬ በሚገኙ 24 ክሊኒኮች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዷል፤ ከ14ቱ ጥያቄ 9ና ከዚያ በላይ «አዎን» ብለው የመለሱ ሰዎች ናቸው። ክሊኒኮቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ በግማሾቹ ሕመምተኞቹ ከተለመደው ሻል ያለ የክሊኒክ እንክብካቤ ተደረገላቸው፤ በግማሾቹ ደግሞ ከአያቶቹ ጋር ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታትሟል። ከ6 ወር በኋላ በክሊኒክ እንክብካቤ ከቆዩት ከ100 ሰዎች 50 ያህሉ የድብርት ምልክት ሲታይባቸው፣ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን ምልክቱ የታየባቸው 14 ያህል ብቻ ነበሩ። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ከ100 ከ40 በላይ የሚሆኑት የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለባቸው ነበሩ። ስለዚህ የተፈተነው ሕክምና የመጣው ቀላል ችግር ላለባቸው ሰዎች ነው ለማለት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ አሠራሩ በዚምባብዌ ብዙ ክሊኒኮች ተስፋፍቷል፤ ወደ ማላዊ፣ ወደ ዛንዚባር፣ እስከ ኒውዮርክ ከተማም ደርሷል። ዶክተር ቺባንዳ የአፍሪካ የአእምሮ ጤና ምርምር ጅምር የተባለውንና የአፍሪካ ተመራማሪዎችን ለማሠልጠን የተቋቋመውን ኅብረት የመሩ ሲሆን፣ በዚህ ኅብረት ከተሳተፉት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል። በመሆኑም ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ይህን አሠራር ወደ ድርቅና ወደ ሰፈራ ሥራ ስናመጣው አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው፣ ከድርቅ ተርፎ የተፈናቀለ ሰው ያጣው ምን እንደሆነ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት በዚያን ጊዜና በተከታዩ ዓመት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጎጃም መተከልና ወደ ጋምቤላ ተወስደው ሰፍረዋል። ሥራው በጥድፊያ የተካሄደ ነበር። ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ተጓዙ፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያዩ፤ ደገኛው የማያውቀው የቆላ ወባም ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። የተረፈው ሰው የተሰጠው መሬት፣ ማረሻና ራሽን በመዝገብ ሰፍሯል። የቀረበት ግን በመዝገብ አልሰፈረም። የልጁ መቃብር፣ የሚስምበት ደብር ወይም የሚሰግድበት መስጊድ፣ እድሩ፣ የክርስትና ልጁ፣ ከብቶቹን በየስማቸው የጠራበት ግጦሽ በኋላው ቀርቷል። እንዲህ ያለ ሰው በአዲሱ መንደር ደጃፍ ላይ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ቢቀመጥ፣ የሰነፈ ሳይሆን የሐዘኑ ጊዜ ያላለፈለት ሰው ነው። ልማዱ ቢሆን ኖሮ ድንኳን ተተክሎ፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ መጥቶ፣ «እግዜር ያጽናህ» ብሎት ባስተዛዘነው ነበር። ጎረቤቱ ራሱ ሐዘንተኛ ሲሆን ማን ማንን ያስተዛዝን?

የዓለም የጤና ድርጅት ከጦርነት ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ግምት እንደሚያመለክተው፣ ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ከ100 ሰዎች 22 ያህሉ በአንድ ጊዜ የአእምሮ ጤና እክል ያለባቸው ናቸው። በ2007 ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች በጋራ ያወጡት መመሪያ ደግሞ የሚደረገውን እርዳታ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። ከሁሉ በታች መሠረቱ ምግብ፣ ውሃ፣ መጠለያና ደኅንነት ነው። ከዚያ በላይ ቤተሰብንና ማኅበረሰብን መልሶ ማገናኘት ይመጣል። ሦስተኛው ልዩ ሙያ ባይኖራቸውም የሠለጠኑ ሰዎች የሚሰጡት እገዛ ሲሆን፣ የአያቶቹ ወንበር የሚመደበው በዚህ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ለጥቂቶች የሚያስፈልገው የሐኪምና የሆስፒታል ሕክምና ነው። አንዱ ደረጃ ሌላውን አይተካም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥብቅ ሊታሰብበት ይገባል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቀላልና ርካሽ የሚመስል ሥራ በሁለት መንገድ ሊበላሽ ይችላል። አንደኛው፣ ወንበሩን በእህሉና በጣሪያው ምትክ ማቅረብ ነው። የተራበን ሰው «ተናገር፣ ይቀልልሃል» ማለት ስላቅ ነው። ምባሬ ላይ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥም ቤት ያስፈልገው ነበር። ሁለተኛው፣ አዛውንቶችን ሰብስቦ «አዳምጡ» ብሎ መተው ነው። የቺባንዳ አያቶች በማኑዋል ተምረዋል፤ ከላያቸው የሚከታተላቸው ባለሙያ አለ፤ ሕይወቱን ለማጥፋት ያሰበ ወይም ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ሲገጥማቸው ወዲያውኑ ወደ ላይ እንዲያስተላልፉ ታዘዋል። አያቶቹ ራሳቸውም የሰሙት ሐዘን እንዳይከብዳቸው እርስ በርስ ይረዳዳሉ። ያለዚህ ሰንሰለት ወንበሩ ተራ አግዳሚ ነው።

በእኛም አገር «ይህ እኮ ቡና ላይ ድሮም አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቡናው፣ እድሩ፣ ሽማግሌው፣ የነፍስ አባቱ ትልቅ ሀብት ናቸው። ነገር ግን ቡና ላይ የተነገረ ነገር ከሦስተኛው ስኒ በፊት መንደሩን ሊዞር ይችላል። የተደፈረች ሴት፣ ልጁን ጥሎ የመጣ አባት ይህን ስለሚያውቁ በቡናው መካከል ዝም ይላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው፤ ይሁንና ሰው በሽታውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ሚስጥሩን የሚጠብቅለት ስላጣ ነው። ስለዚህ ከአገር ልማድ የሚወሰደው አክብሮቱና ቅርበቱ ሲሆን፣ በሥልጠና የሚጨመረው ሚስጥር መጠበቅና ሳያዙ ማዳመጥ ነው።

ከዚህ በመነሣት በየጣቢያው ያለ ኃላፊ ሪፖርቱን ከመፈረሙ በፊት አምስት ጥያቄዎችን ራሱን ቢጠይቅ ጠቃሚ ይሆናል። በዚህ ጣቢያ ሕዝቡ የሚያምናቸው፣ አንደበታቸው የተቈጠበ አረጋውያን እነማን ናቸው? ሰው ሳይታይና ሳያፍር ከእነርሱ ጋር የሚቀመጥበት ጥላ የት ነው? የሚያሠለጥናቸውና በየሳምንቱ የሚከታተላቸው የጤና ባለሙያ ማን ነው? ከአቅማቸው በላይ የሆነው ሕመምተኛ ወደየትኛው ሆስፒታል ይላካል? የመጓጓዣውስ ከየትኛው በጀት ይከፈላል?

አምስተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ሌሎቹ አራቱ በሚገባ ተመልሰው ይህ አንዱ ሳይመለስ ቢቀር ግን ሥራው ሁሉ በ2005 ወደነበረበት ይመለሳል። ያችን ወጣት የገደላት የእውቀት እጦት ሳይሆን የ15 ዶላር እጦት እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ከገጠር ጣቢያ እስከ ሆስፒታል የሚወስደው የመኪና ሒሳብ በመጓጓዣ በጀት ሥር አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ መስመሯ ከሌለች ግን ሐኪሙ ቢኖርም የለም።

በማጠቃለያም፣ ከዶክተር ቺባንዳ የሙያ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ባለሙያ እውቀቱን ይዞ በቢሮ ቢቀመጥ እውቀቱ የጥቂቶች ይሆናል፤ በታመኑ ሰዎች እጅ አካፍሎ፣ አስተምሮና ተቈጣጥሮ ቢያሰራጨው ግን ለብዙዎች ይደርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የእርዳታ ሥራ የሰውን ሕይወት ከሞት ማትረፍ ነው፤ የመልሶ ማቋቋም ሥራ ግን የተረፈው ሰው ለመኖር እንዲፈልግ ማድረግንም ይጨምራል። ደጃፉ ላይ ጉንጩን ደግፎ የተቀመጠው አባወራ ሞፈሩን የሚያነሣው በሬ ስለ ተሰጠው ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «ምን ሆንክ?» ብሎ ጠይቆት መልሱን እስከ መጨረሻው ሲያዳምጠው ጭምር ነው። ለእርሱም በመዝገቡ ውስጥ አንድ ረድፍ ይከፈትለት።